ሁለት ዘመን በአንድ መጽሐፍ፦ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ለፈተና ማንበብ

ጥያቄው አንድ መስመር ተኩል ነው። በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ የፊታውራሪ መሸሻና የባላገሮቹ ጠብ ከዘመኑ ታሪካዊ ዳራ ጋር ያለውን ዝምድና ከልቦለዱ ማስረጃ በመጥቀስ አብራሩ። 15 ነጥብ ይይዛል፤ የተሰጠው ጊዜ 40 ደቂቃ ነው።

አራት ኪሎ፣ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አጠገብ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ሦስት የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በዚህ የመለማመጃ ጥያቄ ላይ አቀርቅረዋል። ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ናቸው። ፈተናው ሊደርስ ሳምንት አልቀረውም። መካከላቸው የተቀመጠው መጽሐፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የኖረ ነው፤ ጀርባው በፕላስተር ተለጥፏል፣ ኅዳጉ ላይ የማን እንደሆነ የማይታወቅ የእርሳስ ጽሑፍ አለ። አማርኛ የሚያስተምሯቸው መምህር የዕረፍት ቀናቸውን ትተው አብረዋቸው ተቀምጠዋል። በሃምሳዎቹ ውስጥ ያሉ ሰው ናቸው። ልጆቹ «ቲቸር» ይሏቸዋል።

አንደኛዋ ተማሪ መልሷን አነበበች። «ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. በጎጃም፣ በደብረ ማርቆስ አካባቢ ተወለዱ» ብላ ትጀምራለች። ቀጥሎ የተማሩባቸው ደብሮች፣ የሠሩባቸው መሥሪያ ቤቶች፣ የጻፏቸው መጻሕፍት ተዘርዝረዋል። ፊታውራሪ መሸሻ ብቅ የሚሉት ስምንት መስመር ከተሄደ በኋላ ነው። የደረሳቸውም አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ በዚያን ጊዜ የፊውዳል ሥርዓት ስለነበረ ገበሬው ይጨቆን ነበር።

መምህሩ ያችን ዓረፍተ ነገር በእርሳስ ከበቧት።

«ይህን ስለ ስንት መጽሐፍ ልትጽፊው ትችያለሽ?»

ልጅቷ ጥቂት አሰበች። «ስለ ብዙ።»

«እንግዲያው ስለዚህኛው ገና አልጻፍሽም።»

ችግሩ የአንዲት ተማሪ ብቻ አይደለም። ልቦለድን ከነታሪካዊ ዳራው አንብቡ ሲባል በብዙ ትምህርት ቤቶቻችን የተለመደው የደራሲውን የሕይወት ታሪክ ሸምድዶ የመልሱ አናት ላይ ማስቀመጥ ነው። ከጥፋቱ ግማሹ የእኛ የጠያቂዎቹ ነው ብዬ አምናለሁ። «ደራሲው የት ተወለደ? መጽሐፉ በስንት ዓ.ም. ታተመ?» እየተባለ በምርጫ ሲጠየቅ ያደገ ልጅ፣ የድርሰት ጥያቄ ሲመጣበትም የሚያወጣው ያንኑ የያዘውን ነው። ታሪክ ለልቦለድ አንባቢ የሚጠቅመው ግን መጽሐፉ ራሱ ለሚያስነሳበት ጥያቄ መልስ ሲሰጠው ነው። ሲገብር የኖረ ባላገር ስለምን ያን ጊዜ እምቢ አለ? ፊታውራሪስ ክፍያ የመጨመር ድፍረቱን ከየት አመጡት? በዛብህ ያን ሁሉ ተምሮ እንዴት ለፊታውራሪ ልጅ ለሰብለ ወንጌል አይበቃም ተባለ? ተማሪው ወደ ታሪክ መጽሐፍ መሄድ ያለበት እንዲህ ያለ ጥያቄ ይዞ ነው። ባዶ እጁን የሄደ የሚያገኘው ቀን ብቻ ነው።

ሌላም እንቅፋት አለ። ይህን ልቦለድ ሁሉም ሰው የሚያውቀው ይመስለዋል። ያላነበበው በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሰምቶታል፣ ያልሰማው ከእናት ከአባቱ ተተርኮለታል። የማንኩሳው በዛብህ፣ ወላጆቹ ለቤተ ክርስቲያን የተሳሉት ልጅ፣ ዲማ ወርዶ ሲማር፣ የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሲያስተምር፣ ሲወዳትና ሲሰደድ የሚታይበት ታሪክ ከ500 ገጽ በላይ የሚሄድ መሆኑ እየተረሳ የፍቅር ጨዋታ ብቻ ሆኖ ይቀራል። የባላገሮቹ አመፅ፣ ልማዱን የሚሞግተው የጉዱ ካሳ ንግግር፣ የጌቶቹ የአጥንት ቆጠራ በትዝታ ውስጥ እየደበዘዘ ይሄዳል። ፈታኞች የሚጠይቁት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ይህንኑ የደበዘዘውን ነው።

መምህሩ ባዶ ወረቀት አስመጡና ሁለት መስመር ከላይና ከታች አሰመሩ። በላይኛው ራስጌ «ታሪኩ የሚፈጸምበት ዘመን»፣ በታችኛው «መጽሐፉ የተጻፈበት ዘመን» ብለው ጻፉ።

«መጀመሪያ የላይኛውን ሙሉልኝ» አሉ። «ከጭንቅላታችሁ አይሆንም፤ ከመጽሐፉ።»

ልጆቹ ገጽ እያገላበጡ ፍንጭ ለቀሙ። ልጅ የሚማረው በየደብሩ እየዞረ ነው። መንገዱ በእግርና በበቅሎ ነው። ጌታው የራሱ አሽከር፣ የራሱ ጠብመንጃ አለው፤ ዳኝነቱም ከእጁ አልወጣም። አዲስ አበባ ሰው ከጠፋ የሚጠፋባት ሩቅ አገር ናት። ሁሉም ሲደመር ከጣሊያን ወረራ በፊት የነበረውን ጎጃም ያሳያል። ልቦለድ በየምዕራፉ ራስ ላይ ዓመተ ምሕረት የመጻፍ ግዴታ ስለሌለበት፣ ዘመኑን ከኑሮው ዝርዝር ማውጣት የአንባቢው ሥራ ነው። ይህን ሥራ በገዛ እጁ የሠራ ተማሪ ማስረጃ አይቸግረውም፤ ፍንጩን ሲለቅም ማስረጃውንም አብሮ ለቅሟል።

የደራሲው የሕይወት ታሪክ የሚገባው በታችኛው መስመር ላይ ነው፣ እዚያም ሥራ ይዞ። ሐዲስ ዓለማየሁ ተወልደው ያደጉት የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ልጅ ራስ ኃይሉ በገዙት ጎጃም ነው። ራስ ኃይሉ ሀብት በማካበትና ግብር በማክበድ የታወቁ ገዥ ነበሩ። በ1924 ዓ.ም. ከልጅ ኢያሱ ማምለጥ ጋር በተያያዘ ከሥልጣን ተነሥተው ራስ እምሩ ተተኩ። ሐዲስ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት እስከ ቅኔ ዘልቀው፣ በኋላ አዲስ አበባ መጥተው ዘመናዊ ትምህርት ተማሩ፤ አስተማሪም ሆኑ። ጦርነቱ ሲመጣ በ1928 ዓ.ም. ከራስ እምሩ ጋር በሽሬ ግንባር ተሰለፉ። ራስ እምሩ በ1929 ዓ.ም. በጎጀብ ወንዝ አካባቢ በጠላት እጅ ሲወድቁ እሳቸውም ተማርከው ወደ ጣሊያን ተጋዙ፤ በጶንዛና በሊፓሪ ደሴቶች ታሰሩ። ከዚያ በኋላ የመጣው ረጅሙ የዲፕሎማትነት ዘመን ነው፦ ኢየሩሳሌም፣ አሜሪካ፣ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት፣ በመጨረሻም በለንደን አምባሳደርነት። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ሲታተም ደራሲው 56 ዓመት ገደማ ሆኗቸው ነበር። የልጅነታቸውን ጎጃም የጻፉት ጦርነቱን፣ ግዞቱንና የውጭውን ዓለም ካዩ በኋላ ነው።

ይህ ርቀት በመልስ ውስጥ ሊጠቀስ የሚገባው ነገር ነው። የትውልድ ቀበሌ ስም ግን ቦታ ይይዛል እንጂ ነጥብ አያመጣም።

ወንዱ ተማሪ በመልሱ ላይ ሌላ ዓይነት ስህተት ነበረው፤ በጥሩ ተማሪዎች ዘንድ የሚዘወተር ስህተት ነው። መጽሐፉ የ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬዎችን አመፅ እንደሚያንጸባርቅ ጽፏል። ከታሪክ መጽሐፉ ያገኘው ነው፤ ጎጃም፣ ገበሬ፣ አመፅ፣ ሁሉም የሚገጥም መስሎታል።

«መጽሐፉ በስንት ታተመ?» አሉ መምህሩ።

«በ58።»

«አመፁስ?»

«በ60...» ቀና አለ። «ቀድሞታል!»

የ1960ው አመፅ መነሻው መንግሥት በዚያው ዓመት ያወጣው የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ነው። የጎጃም ገበሬ ግብሩን የርስቱ መለኪያ፣ ብሎም መነጠቂያ አድርጎ ስላየው ተነሣ። መንግሥት ጦርና አውሮፕላን አዘመተበት፤ በመጨረሻ ግን አገረ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ተነሡ፣ ውዝፉ ግብርም ተሰረዘ። ትልቅ ታሪክ ነው፤ ይሁንና ሁለት ዓመት ቀድሞ የታተመ መጽሐፍ ሊያንጸባርቀው አይችልም። ተማሪው ሊጠቅስ የሚችለው ከዚያ በፊት የነበሩትን ነው። ጎጃም ውስጥ በ1930ዎቹ አጋማሽ ገደማና በ1940ዎቹ መጀመሪያ ከግብር ጋር የተያያዙ አመፆች ተነሥተዋል። በታኅሣሥ 1953 የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራው ተደርጓል። በየካቲት 1957 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው አዲስ አበባ ላይ ወጥተዋል። መጽሐፉ በወጣበት በ1958 ዓ.ም. ደግሞ የጉልት መብት በአዋጅ ቀርቷል።

መምህሩ ከ1958 ላይ ወደ ታች ቀጥ ያለ ጭረት ሳቡ። ከጭረቱ በስተግራ ያለው ሁሉ ደራሲው የሚያውቁት ዓለም ነው። በስተቀኝ ያለው፣ የ1960ው አመፅ፣ የ1966ቱ አብዮት፣ የየካቲት 1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ፣ የአንባቢዎቹ ዓለም ነው። ከአብዮቱ በኋላ መጽሐፉን ያነሣ ሰው የባላገሮቹን መሪ የአበጀ በለውን አመፅ እንደ ትንቢት ቢያነበው አይፈረድበትም፤ በ1958 ያነበበው ግን መጨረሻውን አያውቅም ነበር። ይህን ልዩነት በአንድ ዓረፍተ ነገር ያሳየ ተማሪ ፈታኙን ከወንበሩ ቀና ያደርገዋል።

ከዚያ በኋላ ያለው ክፍል ነው ብዙውን ሰዓት የወሰደው፤ መውሰድም ነበረበት። ሁለተኛዋ ተማሪ ባላገሮቹን «መሬታቸውን የተነጠቁ ጭሰኞች» ብላቸዋለች። መልሱ ሁሉ የተገነባው በዚህ ላይ ነው።

እዚህ ላይ ነው በትምህርት ቤት የምንይዘው የኢትዮጵያ ታሪክ የሚያሳስተን። ስለ ንጉሡ ዘመን የመሬት ይዞታ ሲነሣ በአብዛኞቻችን አእምሮ የሚመጣው የደቡቡ ሥዕል ነው። ከምኒልክ መስፋፋት በኋላ መሬቱ ለወታደርና ለሹማምንት ተከፋፈለ፤ ነባሩ አራሽ ገባር፣ በኋላም ጭሰኛ ሆነ፤ ከምርቱ እስከ ግማሽ፣ አንዳንድ ቦታም ከዚያ በላይ ለባለመሬቱ ይሰጥ ነበር። የጎጃሙ ሥሪት ሌላ ነው። እዚያ የነገሩ ሁሉ መሠረት ርስት ነበር። መሬቱን መጀመሪያ ያቀናው አባት ዘር ነኝ ያለ፣ በወንድም ይምጣ በሴት፣ ዘሩን ቆጥሮ ድርሻውን መጠየቅ ይችላል። አለን ሆበን የተባለው አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት ደጋ ዳሞት ተቀምጦ ያጠናው ይህንኑ ነው። በእሱ ጥናት ላይ የሚታየው ገበሬ መሬት የሌለው ምስኪን ሳይሆን፣ በየአቅጣጫው ዘሩን እየቆጠረ ርስት የሚሟገት ሰው ነው።

ከርስቱ በላይ ጉልት አለ። ጉልት ንጉሡ ለሹም፣ ለመኳንንት ወይም ለቤተ ክርስቲያን የሚሰጠው ግብር የመሰብሰብ መብት ነው። ጉልተኛው ከባላገሩ እህሉን፣ ማሩን፣ ለበዓል በጉን ይቀበላል፤ በሁዳዱ ላይ ባላገሩን ያሠራል፤ ጠብ ሲነሣ ዳኛ ሆኖ ይቀመጣል። አፈሩ ግን የእሱ አይደለም። በአንድ ማሳ ላይ ሁለት መብት ተደራርቦ ይኖራል፦ የሚያርሰው ባለርስት፣ የሚገበርለት ጉልተኛ። «ሲሶ ለነጋሽ፣ ሲሶ ለቀዳሽ፣ ሲሶ ለአራሽ» የሚለው የቆየ አነጋገርም የሚነግረን መሬቱ የማን እንደሆነ ሳይሆን ፍሬው እንዴት እንደሚከፈል ነው።

ልጅቷ ስልኳን አወጣች። አያቷ ጎጃም ናቸው፤ ሰማንያ ሊሞላቸው ነው። ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«አባባ፣ እንደምን ዋሉ?»

«ደኅና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ምነው፣ በደኅናሽ ነው?»

«በደኅና ነው። ለትምህርት ነው የምጠይቅዎት። ድሮ ጌታ በነበረ ጊዜ መሬቱ የማን ነበር?»

«የእኛ ነዋ! የማን ሊሆን ኖሯል? የአባቴ ርስት፣ የአያቴ ርስት። ጌታው ግብሩን ይበላል እንጂ መሬቱን ምን አገባው?»

«ሁዳድስ?»

«እሱን አባቴ ሲያወራ ነው የምሰማው። በተባለው ቀን በሬህን ጠምደህ የጌታን ማሳ ታርሳለህ፤ የራስህን አረም ሲበላው። እኔ የደረስኩበት ቀላድ ሊጥሉብን፣ መሬታችንን ሊለኩብን ነው የተባለውን ነው። ያኔ ነው አውሮፕላኑ የመጣው።» ስለ አውሮፕላኑ ብዙ አወሩ። ለበዓል ልትመጣ እንደሆነ ጠይቀው፣ መርቀው ዘጉ።

ሦስቱም ወደ መጽሐፉ ተመለሱ። አሁን የፊታውራሪ መሸሻ ጠብ ሌላ መልክ ያዘ። ባላገሮቹ እምቢ ያሉት ከልማዱ ውጭ የተጠየቁትን ክፍያ ነው። ጌታ አያስፈልገንም አላሉም፤ መሬት ስጡንም አላሉም። የጉልተኛው መብት ልኩ የተጻፈ ሕግ አልነበረም፤ ልማድ ነበር። አባትህ ለአባቴ ይህን ያህል ሲሰጥ ኖሯል ማለት የጌታው ማስረጃ ነው፤ ከዚህ በላይ ሰጥቶ አያውቅም ማለት ደግሞ የባላገሩ። ፊታውራሪ ልማዱን ሲያልፉ ራሳቸው የቆሙበትን መሬት መናድ ጀመሩ። አበጀ በለው መርቷቸው የተነሡት ባላገሮች ጌታቸውን እስከ መማረክ የደረሱት ከዚህ ተነሥተው ነው።

እኔ እንደማነበው የመጽሐፉ ትልቁ ብልሃት እዚህ ላይ ነው። በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ሁለት ዓይነት እምቢተኝነት አለ፣ ሁለቱም የሚጋጩት ከአንድ ጌታ ጋር ነው። ባላገሮቹ የሚነሡት ልማድ ተጣሰ ብለው ነው። ጉዱ ካሳ ግን የሚነሣው በልማዱ ላይ ነው። የዘር ቆጠራውን፣ የክብር ደረጃውን፣ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ስለሆነ ብቻ እንደ ሕግ የሚቆጠረውን ነገር ሁሉ ይሞግታል። ባላገሮቹ ብዙ ስለሆኑ ጌታውን ያሸንፋሉ። ጉዱ ካሳ ብቻውን ስለሆነ እብድ ይባላል። «የፊውዳል ሥርዓት ነበር» ብሎ ያለፈ ተማሪ ይህን ልዩነት አያየውም፤ ርስትና ጉልትን ለይቶ ያወቀ ግን ባያሳዩትም ያየዋል።

የበዛብህ ነገር ከዚህ አይርቅም። የታመመ ልጅ ይዳን እንጂ ለቤተ ክርስቲያን ይሁን ብለው ወላጆቹ ይሳላሉ። የተሳሉት እነሱ፣ ስለቱን የሚከፍለው እሱ ነው። ለዛሬ ተማሪ ይህ ተራ የታሪክ መነሻ ሊመስለው ይችላል፤ ሕፃናት በየበሽታው በሚረግፉበት፣ ሐኪም በሌለበት አገር ግን ስለት ወላጅ በእጁ ያለ ብቸኛ መድኃኒት ነበር። ቀጥሎ የሚመጣው የቆሎ ተማሪ ሕይወት ነው፦ ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቦ፣ በየደጁ ለምኖ፣ ከንባብ ቤት ወደ ዜማ ቤት፣ ከዜማ ቤት ወደ ቅኔ ቤት። ሐዲስ ዓለማየሁ ይህን መንገድ ራሳቸው ስለሄዱበት ዝርዝሩ አያልቅባቸውም።

ይህ ትምህርት በዚያ ዘመን የድሃን ልጅ ከፍ ወዳለ ቦታ ሊያወጣ ከሚችሉት ጥቂት መንገዶች አንዱ ነበር። የተማረ ሰው በጌታ ቤት ይፈለጋል፤ ልጅ ያስተምራል፣ ደብዳቤ ይጽፋል፣ ያነባል። በዛብህ የፊታውራሪ መሸሻን ደጅ የረገጠው በዚህ ነው። ትምህርቱ እስከ እልፍኙ ያስገባዋል፤ ጋብቻ ሲነሣ ግን የሚጠየቀው እውቀቱ ሳይሆን አጥንቱ ነው። በጌቶች ዘንድ ጋብቻ የሁለት ቤት ስምምነት ነበር፤ ለሰብለ ወንጌልም የአባቷን ደረጃ የሚመጥን ባል ሲታጣ ዕድሜዋ ይሄዳል። ፊታውራሪ ለባላገሩ ያላቸው ትዕቢትና ለልጃቸው ያላቸው ጭካኔ ምንጩ አንድ ነው። መምህሩ ይህን እንዲያዩት ብዙ ለፉ፤ ምክንያቱም የፍቅሩ ታሪክና የአመፁ ታሪክ የተሰፉበት ክር እሱ ነው፣ ፈታኞችም ሁለቱን አያይዘህ ጻፍ ማለት ይወዳሉ።

ወደ ማምሻው ላይ የመጀመሪያዋ ተማሪ መልሷን እንደገና ጻፈች። እንዲህ ይላል፦

«ፊታውራሪ መሸሻ ከልማድ ውጭ ሲያስከፍሉ የተማመኑት በጌትነታቸው ነው። በጎጃም ሥሪት ጉልተኛ ግብር የመሰብሰብና የመዳኘት መብት እንጂ የመሬቱ ባለቤትነት አልነበረውም፤ የግብሩን ልክም የሚወስነው ልማድ ነበር። ስለዚህ አበጀ በለውና ጓደኞቹ እምቢ ያሉት ጌታ መኖሩን ሳይሆን ልኩን ማለፉን ነው። ፊታውራሪ በባላገሮቹ እጅ መውደቃቸው ክብራቸው በእነዚሁ ሰዎች መታዘዝ ላይ የቆመ እንደነበረ ያሳያል። ልቦለዱ በታተመበት በ1958 ዓ.ም. የጉልት መብት በአዋጅ መቅረቱ፣ ጥያቄው ከመጽሐፉ ውጭም ሕያው እንደነበረ ያመለክታል።»

አምስት ዓረፍተ ነገር ነው። የትውልድ ቦታ የለበትም። መምህሩ የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ አነበቡት። «‹ያመለክታል› ማለትሽ ጥሩ ነው» አሏት። «መጽሐፉ አዋጁን አስወጣው ብትዪ ወይም አዋጁ መጽሐፉን አስጻፈው ብትዪ ማረጋገጫ አምጪ እልሽ ነበር።» ከዚያ አንድ ነገር ጨመሩላት፦ አመፁ ከተተረከበት ክፍል አንድ የተወሰነ ቦታ፣ ማን ምን እንዳለና ፊታውራሪ ምን እንደመለሱ እንድታስገባ። ማስረጃ ጥቀሱ የተባለው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ለወላጆችም ለመምህራንም የምለው አለ። ዳራ ሲበዛ መጽሐፉን ይውጠዋል። አንድ ተማሪ ስለ ርስትና ጉልት ሦስት ገጽ ቢጽፍ የታሪክ ፈተና ተፈትኖ ወጣ ማለት ነው። በእኔ አስተያየት ከመልሱ ሲሶው ለታሪኩ በቂ ነው፤ የቀረው ለገጸ ባሕርያቱ፣ ለንግግሩ፣ ለአተራረኩ መዋል አለበት። ፊታውራሪ መሸሻ ደግሞ የደራሲ ፈጠራ ናቸው። ትዕቢታቸው የተጋነነው እንድናየው ተፈልጎ ነው፤ «የጎጃም ጌቶች ሁሉ እንዲህ ነበሩ» ለማለት ማስረጃ ሊሆኑ አይችሉም። ለዚያ ማስረጃ የሚፈልግ ሌላ መጽሐፍ ይክፈት። የባሕሩ ዘውዴ «የኢትዮጵያ ታሪክ ከ1847 እስከ 1966» ለ12ኛ ክፍል ተማሪ አይከብድም። ገብሩ ታረቀ ስለ ገበሬ አመፆች በእንግሊዝኛ የጻፉት መጽሐፍ የጎጃሙን በስፋት ይዟል። ደራሲውን በራሳቸው አንደበት መስማት የሚፈልግ «ትዝታ»ን ያንብብ፤ የጦርነቱን ዘመን ያስታወሱበት ነው።

የቀሩትን ቀናት እንዴት እንደሚያጠኑ የተነጋገሩት በአጭሩ ነው። በየትንንሽ ወረቀቱ ፊት አንድ ትዕይንት ይጽፋሉ፤ በጀርባው ትዕይንቱ የቆመበትን ልማድ፣ በልማዱ ማን እንደሚጠቀምና ማን እንደሚጎዳ። አንዱ ፊቱን ያነብባል፣ ሌላው ጀርባውን በቃሉ ይመልሳል። ማታ ማታ አንድ ጥያቄ በሰዓት ይጽፋሉ።

ሊነሡ ሲሉ ወንዱ ተማሪ ጠየቀ። «ቲቸር፣ ደራሲው ራሳቸው የንጉሡ ሹም አልነበሩም እንዴ? ታዲያ ይህን እንዴት ጻፉት? እንዴትስ ታተመላቸው?»

ከሰዓቱ ሁሉ ጥያቄ እኔ የወደድኩት ይህን ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ አምባሳደርና ሚኒስትር ሆነው ሠርተዋል፤ እስከ አብዮቱ ድረስም የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል ነበሩ። መጽሐፍ ሲወጣ በሳንሱር ያልፍ ነበር። መምህሩ መልሱን ለልጆቹ ተዉላቸው። አንደኛዋ፣ ታሪኩ በድሮ ዘመን መሆኑ ሸፍኗቸዋል፣ የላይኛው መስመር የታችኛውን ከልሎላቸዋል አለች። ሁለተኛዋ አልተስማማችም። መንግሥቱ ራሱ ጉልት ሲሽር የአገር ቤት ጌቶችን ሥልጣን እየቀነሰ ነበር፤ ስለዚህ ጉልተኛን የሚነቅፍ መጽሐፍ ንጉሡን ይቃወማል ተብሎ ላይታይ ይችል ነበር አለች። ወንዱ ሁለቱንም ሰምቶ በጉዱ ካሳ ተከራከረ፤ ጉዱ ካሳ የሚነቅፈው አንድን ጉልተኛ ብቻ አይደለም፣ ሥሩን ነው፣ ሥሩ ሲነቀፍ ደግሞ ላይኛው አይቀርም አለ።

«የትኛው ንግግሩ ላይ?» አሉ መምህሩ።

ልጁ መጽሐፉን ስቦ ጉዱ ካሳ ከበዛብህ ጋር የሚነጋገርበትን ክፍል መፈለግ ጀመረ። ሴቶቹም ከሁለት ወገን ጎንበስ አሉለት፤ አንደኛዋ ከዚያ ገጽ በኋላ ነው ስትል፣ ሌላዋ ከዚያ በፊት ነው ትላለች።